«የማይዝግ» ስለሚባለው የሥጋ መጥበሻና ስለ ሻጩ ቃል

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው ያባቶች ምሳሌ ለሸማና ለችሎት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለንግድ ቤትም ያገለግላል። ዕቃ በገዢው እጅ የሚበላሸው በአያያዝ ጉድለት ነው፤ ገዢና ሻጭ የሚጣሉት ግን ብዙ ጊዜ ዕቃው በተሸጠበት ቀን በተነገረው ወይም ሳይነገር በቀረው ቃል ምክንያት ነው። ይህን እውነት ከሚያስረዱት ዕቃዎች አንዱ በሆቴሎች፣ በልኳንዳ ቤቶችና አቅም ባላቸው ሰዎች ጓሮ የሚታየው፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራው ባለፍርግርግ የሥጋ መጥበሻ፣ በተለምዶ ግሪል የሚባለው ነው።

ይህ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ አገር የሚመጣ በመሆኑ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት ሳይሞላ ከ100 ብር በላይ መሆኑን አስመጪዎች ሁሉ ያስታውሱታል። እንግዲህ ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል መጥበሻ ባንድ ዓመት ውስጥ ተበላሽቶ ቢጣል የሚጠፋው የባለቤቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ድካም የተገኘው የውጭ ምንዛሪም አብሮ ይጣላል። ስለዚህ ነጋዴው «የማይዝግ» ብሎ ሲሸጥ የብረቱን ዐይነትና የአጠባበቁን ሥርዓት አብሮ ካልሰጠ የሸጠው ግማሹን ዕቃ ብቻ መሆኑን ሊያውቀው ይገባል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ከገና በኋላ አዲስ መጥበሻ ገዙ እንበል። ዕቃው እንደ መስታወት ያበራል፤ ሻጩም «የማይዝግ ነው» ብሎ ከመናገር በቀር ሌላ ቃል አልጨመረም። መጥበሻው በቅበላ ሰሞን ሌሊትና ቀን ሲሠራ ሰነበተ። በመጨረሻው ማታ ሁሉም ደክሞት ስለ ነበር ስቡና ጨዉ እንደ ተጣበቀበት በላስቲክ ተጠቅልሎ በጓዳ ተቀመጠ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚሁ ወራት የበልግ ዝናብና እርጥበት አለ። የፋሲካ ዋዜማ ላስቲኩ ሲገለጥ ፍርግርጉ ቀይ ነጥብ በነጥብ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቲቱም ወደ ሱቁ ሄደው «የማይዝግ ነው ብለው አልነበረም ወይ የሸጡልኝ?» ቢሉ ባለሱቁ «እመቤቴ፣ እኔ የሸጥኩልዎ አዲስ ዕቃ ነው፤ ያበላሸው አያያዝዎ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ጥፋት አለባቸው። በመጨረሻ ዕዳው የሚወድቀው አንድም ቃል ባልተናገረችው፣ ማንም ምንም ባልነገራት በዕቃ አጣቢዋ ላይ ነው፤ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ተብላ ከደመወዟ ሊቈረጥባት ይችላል።

ይህ ጠብ የሚነሣው ከስሙ ነው። ስሙ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1913 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሬርሊ የተባለው የብረት ሊቅ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን፣ በሙቀት ቶሎ የማይበላ ብረት ሲፈልግ ከመቶ 13 እጅ ገደማ ክሮሚየም የተቀላቀለበትን ብረት አወጣ። ብረቱ በአሲድ ሲፈተን እንደ ሌላው ብረት የማይበላ ሆኖ ስለ ተገኘ ለገበታ ቢላዋ እንዲሆን ታሰበ። እንደሚነገረው ብሬርሊ ራሱ «ዝገት የለሽ» ሊለው ሲል፣ «እድፍ የለሽ» የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ የንግድ ስም ያወጣለት ኧርነስት ስቱዋርት የተባለው የቢላዋ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ይህንንም ያደረገው ብረቱን በአቼቶ ከፈተነው በኋላ ነው። ስለዚህ ስሙን የሰጠው ንግድ ነው፤ የተሰጠውም በገበታ ላይ ላለ ቢላዋ ነው። ቢላዋ ከምግብ በኋላ ታጥቦ ደርቆ በመሳቢያ ይቀመጣል። ያንኑ ስም ወስዶ ጨው፣ ስብ፣ ፍምና ጢስ ሌሊትና ቀን ለሚፈራረቁበት መጥበሻ መስጠት ከልክ ያለፈ ተስፋ መስጠት ነው። በአማርኛ ደግሞ «የማይዝግ» ሲባል ተስፋው ይበልጥ ይጸናል፤ ገዢው የሚሰማው «ምንም ብታደርገው አይዝግም» የሚል ነው።

የብረቱ ጠባይ ግን ይህ ነው። ተራ ብረት ውሃና አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ከመቶ ቢያንስ 10.5 እጅ ክሮሚየም ያለበት ብረት ግን አየር ሲነካው ክሮሚየሙ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ በብረቱ ገጽ ላይ ዐይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል። የሽፋኑ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺኛ እጅ ያነሰ ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ይህ ብቻ ነው። ሽፋኑ ሲጫር አየር ካገኘና ንጹሕ ከሆነ ራሱን በራሱ ይጠግናል፤ ቁስሉን እንደሚያድን ቆዳ ማለት ነው። ነገር ግን ሦስት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ጨው ነው፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን በጥቃቅን ቦታ እየበሳ እንደ መርፌ ጫፍ ያለ ጉድጓድ ያበጃል። ሁለተኛው አየር የሚከለክል እድፍ ነው፤ የተቃጠለ ስብ ሥር ያለ ብረት ኦክሲጅን ስለማያገኝ ሽፋኑን ማደስ አይችልም። ሦስተኛው በላዩ የሚቀር ተራ የብረት ብናኝ ነው፤ ብናኙ ራሱ ሲዝግ መጥበሻው የዛገ ይመስላል፤ ቈይቶም ከሥሩ ያለውን ያበላሻል። በምሳሌው የተነገረው መጥበሻ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ከነዚህ ሦስት ጠላቶች ከሁለቱ ጋር ለ55 ቀን ተዘግቶበታል። ሚጥሚጣና አዋዜ የሚነሰነስበት ጥብስ ጨው እንዳለበት ሲታሰብ ደግሞ በአገራችን የሚሠራ መጥበሻ ከዚህ ጠላት የማያመልጥ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ሳይነገር የሚቀር ነገር የብረቱ ዐይነት ነው። «የማይዝግ ብረት» አንድ ብረት አይደለም፤ ብዙ ወንድማማቾች ያሉት ቤተ ሰብ ነው። በአሜሪካ አቈጣጠር 304 የሚባለው ከመቶ 18 ያህል ክሮሚየምና 8 ያህል ኒኬል አለው፤ ለምግብ ዕቃ ይበልጥ የታወቀው እርሱ ነው። 430 የሚባለው ከ16 እስከ 18 እጅ ክሮሚየም ቢኖረውም ኒኬል የለውም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ጨውና እርጥበትም ቶሎ ያጠቃዋል። 201 የሚባለው ደግሞ ውዱ ኒኬል ተቀንሶ ከ3.5 እስከ 5.5 እጅ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ በምትኩ ማንጋኒዝ የተጨመረበት ነው፤ ሲታይ ከ304 አይለይም፤ ዝገትን በመቋቋም ግን ያንሰዋል። 316 የሚባለው ከ2 እስከ 3 እጅ ሞሊብዲነም ስላለበት ከሁሉ ይልቅ ለጨውና ለባሕር አየር የሚበጅ ነው። በጂቡቲና ባሕር ዳርቻ ባሉ ሌሎች ከተሞች ለሚሠራ ደንበኛ መጥበሻ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ልዩነት ቢያስብበት ይጠቅመዋል፤ በአዲስ አበባ ደጋ አየር ያልዛገ ዕቃ በባሕር ጨው አየር ሊዝግ ይችላልና።

በየሱቁ ማግኔት አስጠግቶ ዕቃ የሚፈትን ገዢ አይጠፋም፤ ብዙ ባለሱቅም «ማግኔት ካልሳበው ጥሩ ነው» ይላል። ይህ ፈተና እውነቱን በከፊል ብቻ ይናገራል። 430 ማግኔት ይስበዋል፤ 304 እንደ ተሠራ አይሳብም፤ በመታጠፍና በመቀጥቀጥ ጊዜ ግን በመጠኑ መሳብ ሊጀምር ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት ግን ርካሹ 201ም በማግኔት አለመሳቡ ነው። ስለዚህ በማግኔት ብቻ የተማመነ ገዢ 201ን በ304 ዋጋ ሊገዛ ይችላል። ርካሹን ዐይነት መሸጥ ነውር አይደለም፤ በሣምንት አንድ ቀን ለሚጠብስ ቤተ ሰብ 430 በቂ ሊሆን ይችላል። ነውር የሚሆነው ዝም ማለት ነው።

ዝምታውም ከሱቅ በፊት በጽሕፈት ቤት ይጀምራል። ብዙ የግዥ ደብዳቤዎች «ከስቴንለስ ስቲል የተሠራ ግሪል» ብለው ብቻ ይዘጋሉ። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚከፍል ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ ሰነዱ «ስቴንለስ ስቲል» ካለና ከውሉ ጋር ከተስማማ ባንኩ ይከፍላል። ዕቃው ከጂቡቲ ተጭኖ አዲስ አበባ ሲደርስ 430 ሆኖ ቢገኝ ላኪው ውሉን አላፈረሰም፤ 430ም ስቴንለስ ስቲል ነውና። ስለዚህ አስመጪው በፕሮፎርማው ላይ የብረቱን ቍጥር ለፍርግርጉ፣ ለክዳኑ፣ ለእሳት ማውጫ ቱቦውና ለቅባት ማጠራቀሚያው እየለየ ማስጻፍ፣ የፋብሪካውንም የብረት ምስክር ወረቀት ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር እንዲላክ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጥቂት መስመር መጻፍ እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም፤ በኋላ የሚመጣውን ጠብ ግን ያስቀራል።

አሁን ወደ አያያዙ እንመለስ። ሥርዓቱ ከባድ አይደለም፤ ለዕቃ አጣቢዋም ሆነ ለባለቤቱ በጥቂት ደቂቃ ሊነገር የሚችል ነው። ጥብሱ እንዳበቃ ክዳኑን ዘግቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እሳቱን ከፍ አድርጎ የተጣበቀውን ስብ ማቃጠል፤ ይህ ግን የሚደረገው የቅባት ማጠራቀሚያው አስቀድሞ ከተደፋና አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ከጠበቀው ብቻ ነው። ከዚያ እሳቱን አጥፍቶ መጥበሻው ለብ ሲል ፍርግርጉን በእንጨት መፋቂያ መፋቅ። በግማሽ የተቈረጠ ሽንኩርት በረዥም ሹካ ወግቶ ማሸትም ያለ ወጪ የሚገኝ ጥሩ ዘዴ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ስፖንጅ ማጠብ። በብረቱ ገጽ ላይ ቀጭን መስመር ከታየ ማሸት የሚገባው መስመሩን ተከትሎ እንጂ አግድም ወይም በክብ አይደለም፤ አግድም የተፈተገ ጭረት ያሳያል፤ በጭረቱም ውስጥ እድፍ ይደበቃል። ከዚያ ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻም በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። ማድረቁ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሥራ ነው፤ ይልቁንም ዋናው እርሱ ነው። ታጥቦ ሳይደርቅ የተተወ ብረት የጨዉን ውሃ በላዩ ላይ ያደርቃልና።

ተጣብቆ ላስቸገረ እድፍ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሶ ቀብቶ፣ ጥቂት አቈይቶ በስፖንጅ ማሸት ይበቃል። ገና የጀመረ ቀይ ነጥብም በዚሁ ወይም በሎሚ ጭማቂ ታሽቶ፣ ወዲያውም በደንብ ተለቅልቆና ደርቆ ሊጠፋ ይችላል። ወደ ውስጥ የገባ ጉድጓድ ግን አይመለስም። በሌላ በኩል ብረቱ በሙቀት ወርቃማ፣ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ቢሆን ያ ዝገት አይደለም፤ የሙቀት ቀለም ስለሆነ ገዢው አይደንግጥ፤ ሻጩም ይህን አስቀድሞ ቢነግረው ከብዙ አቤቱታ ይድናል። በከሰል የሚሠራ መጥበሻ ከሆነ ደግሞ አመዱ በየጊዜው ይጠረግ፤ አመድ እርጥበት ስቦ ሲከማች ብረት ይበላል።

የማይደረገውንም መናገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ለድስትና ለብረት ምጣድ የሚያገለግለው ተራው የመፈተጊያ ሽቦ ለዚህ ዕቃ አይሁን፤ ከተራ ብረት የተሠራ ስለሆነ ብናኙን በመጥበሻው ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ማግስቱን የሚታየው ዝገት የራሱ የሽቦው ነው። በጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ መጥበሻው በአንቀጽ 73.21፣ የመፈተጊያው ሽቦ በአንቀጽ 73.23 ይመዘገባሉ፤ በመጽሐፉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ባንድ መደርደሪያ የሚሸጣቸው ባለሱቅ ግን እንዳይጋቡ ለገዢው ሊያስጠነቅቅ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ በረኪና አይነካው፤ በረኪና ክሎሪን ያለበት ስለሆነ ሽፋኑን ያበላሻል። ለመጸዳጃ ቤት ማጽጃ የሚሸጠው አሲድም እንዲሁ ነው። ከዚህም በላይ በረኪናና አሲድ ወይም በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ ሲቀላቀሉ መርዛም የክሎሪን ጋዝ ስለሚወጣ በጠባብ ኩሽና ውስጥ የሠራተኛን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላሉ። ሦስተኛ፣ በጋለ መጥበሻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋ፤ ስሱ ብረት ይጣመማል፤ እንፋሎቱም እጅና ፊት ያቃጥላል። የሚነድ ስብ ላይ ውሃ መድፋት ደግሞ እሳቱን ይረጨዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ጋዙን መዝጋትና ክዳኑን መክደን ነው የሚያስፈልገው።

ስለ ሽቦ ብሩሽ ለብቻው መናገር ይገባል፤ ይህ ከዝገት የሚበልጥ ነገር ነውና። ያረጀ የሽቦ ብሩሽ ጠጕሩ እየተነቀለ በፍርግርጉ ላይ ይቀራል፤ ከሥጋውም ጋር ተጣብቆ ወደ አፍ ይገባል። የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በሮድ አይላንድ ግዛት በፕሮቪደንስ ከተማ ከመጋቢት 2011 እስከ ሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ስድስት ሰዎች በዚህ ምክንያት መታከማቸውን ገልጿል፤ አንዳንዶቹ ጉሮሯቸው ተወግቶ፣ አንዳንዶቹም አንጀታቸው ተበስቶ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ደግሞ ከ2002 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር ከ1,600 በላይ ሰዎች በዚሁ ጉዳት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል እንደ ሄዱ ገምተዋል። እንግዲህ መጥበሻውን ሲሸጥ «ይህንም ይውሰዱ» ብሎ ርካሹን የሽቦ ብሩሽ የሚጨምር ባለሱቅ ምን እየሰጠ እንደ ሆነ ሊያውቅ ይገባዋል። የእንጨት መፋቂያ፣ የናይለን ብሩሽ ለቀዘቀዘ ፍርግርግ፣ ስፖንጅና ጨርቅ በመደርደሪያው ላይ ቢኖሩ ያተርፋሉ እንጂ አያከስሩም። የሽቦ ብሩሽ የግድ የሚጠቀም ሰው ቢኖርም ጠጕሩ መርገፍ ሲጀምር እንዲጥለው፣ ከፈተገም በኋላ ፍርግርጉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በዐይኑ እንዲመረምር ይነገረው።

በቡታጋዝ የሚሠራ ከሆነ የእሳት ማውጫ ቱቦው ቀዳዳዎች በስብ እንዳይደፈኑ በየጊዜው ይታዩ፤ እሳቱ ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ካወጣ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ከነደደ መዘጋቱን ያመለክታል። ሲሊንደር በተለወጠ ቍጥር በመጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀብቶ ማየት ያስፈልጋል፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እያመለጠ ነው ማለት ነው። ይህን በክብሪት የሚፈትን ሰው ራሱንም ቤቱንም ያቃጥላል።

ጾም ሊገባ ሲል ግን ሥራው ከዘወትሩ ይለያል። በቅበላው ማታ ወይም በማግስቱ ፍርግርጉን፣ ከሥሩ ያሉትን ቈርቈሮዎችና የቅባት ማጠራቀሚያውን አውጥቶ ማጠብና ማድረቅ፤ በፍርግርጉ ላይ ስስ የምግብ ዘይት በጨርቅ መቀባት፤ ሲሊንደሩን ዘግቶ መንቀል፤ መጥበሻውንም አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ በጨርቅ ሸፍኖ ማስቀመጥ ይገባል። በላስቲክ መጠቅለል ከአቧራ ያድናል ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን እርጥበትን አፍኖ ይይዛል። ያንድ ሰዓት ሥራ የ55 ቀኑን ጉዳት ያስቀራል። ነጋዴውም ለደንበኞቹ በቅበላ ሰሞን ይህን የሚያስታውስ አጭር መልእክት ቢልክ በፋሲካ ማግስት የሚመጣበት ሰው አቤት ባይ ሳይሆን ሁለተኛ መጥበሻ ፈላጊ ሊሆን ይችላል።

በዚህ አሳብ ላይ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። አንዳንድ ባለሱቅ «ሊዝግ ይችላል ብዬ ብናገር ገዢው ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል» ይላል። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ የዛሬ ገዢ ቸኩሎ ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ ነውና። ነገር ግን ወደ ጎረቤት የሄደው ገዢ ከፋሲካ በኋላ ዝገቱን ባየ ጊዜ እውነቱን የነገረውን ሱቅ ያስታውሳል። የንግድ ስም የሚሠራው ባንድ ቀን ሽያጭ ሳይሆን በሁለተኛው ግዥ ነው። ሌላው ደግሞ «ቶሎ ከተበላሸ ቶሎ ሌላ ይገዛል፤ ለኛ ምን ቸገረን» ይል ይሆናል። ይህን የሚል ሰው ሂሳቡን አልጨረሰም። ዕቃው የተበላሸበት ሰው ሌላ ቢገዛም ከዚያው ሱቅ አይገዛም፤ ምግብ ቤቱ በሁለተኛው መጥበሻ የሚያወጣው ገንዘብ ደግሞ ለወንበር፣ ለማቀዝቀዣ ወይም ለሠራተኛ ደመወዝ ሊውል የሚችል ነበር፤ እርሱም ተመልሶ ወደ ገበያ ይመጣ ነበር። ሦስተኛውም «የአያያዙ መመሪያ ከዕቃው ጋር በካርቶን ውስጥ አለ» ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ነው፤ መጥበሻውን የምታጥበው ሴት ካርቶኑን አላየችውም፤ ብታየውም አታነበውም።

ሕጉም ከዚህ አሳብ ጋር ይስማማል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዐይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። ነጋዴ ግን ይህን በሕግ ፍርሃት ብቻ ሳይሆን በሙያው ክብር ሊያደርገው ይገባል።

ስለዚህ አስመጪዎች ከእያንዳንዱ መጥበሻ ጋር አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት፣ ዕቃው ወደሚሄድበትም አገር ሰው ቋንቋ የተጻፈ ቢያወጡ መልካም ነው። በላዩ የብረቱ ቍጥር፣ የሚታጠብበት ሥርዓት፣ የተከለከሉት ነገሮችና የጾም ጊዜ አቀማመጥ በአጭር ይጻፍ፤ ከወደ ታችም «ይህ ብረት ከሌላው ይልቅ ዝገትን ይቋቋማል፤ ካልተጠበቀ ግን ይዝጋል» የሚል አንድ መስመር ይኑር። ባለሱቁ ወረቀቱን በካርቶን ውስጥ ከመተው ይልቅ ከገዢው ጋር አንብቦ በእጁ ይስጠው። የምግብ ቤት ባለቤትም በኩሽናው ግድግዳ ላይ ይስቀለው፤ ለዕቃ አጣቢዋም ያስረዳት፤ ትክክለኛውን ስፖንጅና ጨርቅም ይግዛላት። ይህን ያላደረገ ባለቤት ከሠራተኛዪቱ ደመወዝ ለመቍረጥ ምን ሥልጣን አለው? ያላስተማረ ሰው ያላወቀን ሰው ሊቀጣ አይችልም።

መጥበሻ ትንሽ ነገር ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን የንግድ እምነት የሚፈርሰው በትልልቁ ውል ብቻ አይደለም፤ ሻጭ አንድ ቃል ሲያጓድል፣ ገዢ አንድ ማታ ሲሰንፍ እንዲህ በትንንሹም ይፈርሳል። የብረቱ ሽፋን ስስ ሆኖ ብረቱን ሁሉ እንደሚጠብቀው፣ የነጋዴም ቃል አጭር ሆኖ ንግዱን ሁሉ ይጠብቃል። ሽፋኑ አየር ሲያገኝ ይታደሳል፤ ቃልም በግልጽ ሲነገር ይታደሳል። ስለዚህ በሚመጣው የቅበላ ሰሞን መጥበሻ የሚሸጥ ሁሉ ከዋጋው በፊት አያያዙን ይናገር፤ ከአያያዝ እንዳይቀደድ፣ ከአነጋገርም እንዳይፈረድበት።